ለመስከረም የቀረችው አንዲት ፈተና

በግሪክ አንዲት ደሴት ላይ ባለችው ካርሎቫሲ ከተማ አርጊሪስን «መምህር» ብሎ የማይጠራ ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው። ዓሣ ሻጩ «መምህር፣ ሰርዲኑ የዛሬ ነው» ይለዋል። የመርከብ ትኬት የምትቆርጠው ሴትዮ «መምህር፣ ነፋስ ስላለ ዛሬ መርከብ የለም፤ ቤትህ ግባ» ትለዋለች። ከወደቡ ከፍ ብላ ባለችው የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሲያስተምር ጎልምሶ፣ በሱ እጅ ያላለፈ የከተማው ልጅ ጥቂት ነው። ጉዱ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ከተማው በሙሉ መምህር የሚለው አርጊሪስ ራሱ ከዩኒቨርሲቲ አልተመረቀም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

አልተመረቀም ሲባል ሰነፍ ነበር ማለት እንዳይመስላችሁ። እዚያው ደሴቱ ላይ የሒሳብ ክፍል ገብቶ ከአንዷ በስተቀር ሁሉንም ትምህርት አልፏል። የቀረችው ሦስተኛው አናሊስስ የምትባል ከባድ የሒሳብ ትምህርት ናት። በግሪክ አገር ሰኔ ላይ የወደቀ ተማሪ መስከረም ላይ ይፈተናል፤ መስከረም ላይ የወደቀ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት፤ እንዲህ እያለ «በቃህ፣ ውጣ» የሚል ሳይኖር ይቀጥላል። ጸጉሩ ቢሸብትም ተማሪ ነው። ደግነቱስ ደግነት ነበር፤ ግን ስንቱን ሰው ገደል ከቷል። አርጊሪስም «አንዷ ብቻ ናት፣ ለመስከረም» አለ። መስከረም መጣ፣ ወደቀ። ሌላው መስከረም መጣ፣ አሁንም ወደቀ። ቀጥሎ ወታደር ቤት ገባ። ከወታደር ቤት ሲመለስ የራሱ ሠርግ መስከረም ላይ ሆነ። ልጁ ሚርቶም ወር መርጣ የተወለደች ይመስል በመስከረም መጣች። ዛሬ ነገ ሲል ሃያ ምናምን ዓመት እንደ ዋዛ አለፈ።

ይሄም ባልከፋ፤ ሰው ሳይመረቅም ይኖራል። ነገሩን ያወሳሰቡት እናቱ እማማ ስታማታ ናቸው።

የመጀመሪያዋን ፈተና በወደቀባት በዚያች ሰኔ፣ የጎረቤታቸው የእማማ ፎቲኒ ልጅ በፋርማሲ ተመረቀ። እማማ ፎቲኒ እንደ አገሩ ወግ የለውዝ ጣፋጭ በትሪ ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። እማማ ስታማታ ደጃፍ ሲደርሱ «ያንቺስ ልጅ መቼ ነው? ሒሳብ ከበደው መሰለኝ» ብለው ጣል አደረጉ። ቃሏ የእማማ ስታማታን አንጀት ቆረጠች። ለልጃቸው ሳይነግሩ ለውዝ አስፈጩ፣ ስኳር ነሰነሱ፤ በማግስቱ እሁድ ከእማማ ፎቲኒ ትሪ የሚሰፋ ትሪ ተሸክመው ወጡ። «አርጊሪሴ ተመረቀልኝ፤ አፋችሁን አጣፍጡ» እያሉ መንገዱን ከላይ እስከ ታች አዳረሱት። ሰዉም በላ፣ መረቀ፣ ጣቱን ላሰ።

አርጊሪስ ሲሰማ ክው አለ። «እማዬ፣ ምን ነካሽ? አንድ ትምህርት ይቀረኛል እኮ» አላቸው።

«አንድ ምን አላት? ለመስከረም ነው ያልከው አይደል? እኔ ቀደም አልኩ እንጂ አልዋሸሁም» አሉና ትሪያቸውን ማጠብ ቀጠሉ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእማማ ስታማታ ግን ፈሶ የሚለቀም አልነበረም። የተበላ ጣፋጭ ከሰው ሆድ አይወጣም። ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ ነገሩን አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ ቀረ።

ከእናቱና ከሚስቱ ከዴስፒና ሌላ ምስጢሩን ያኔ ያወቁት ጋሽ ስትራቶስ ናቸው። የማጠናከሪያ ትምህርት ቤቱ ፈቃድ በሳቸው ስም ነው፤ ያለ ዲግሪ ፈቃድ አይሰጥም። እሳቸው ድሮ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ አሁን ደጁ ላይ ወንበር ዘርግተው ጋዜጣ ያነባሉ፣ የዘገየ ተማሪ ይቆጣሉ። በሩ ላይ የተጻፈው ስም የሳቸው ነው፤ ውስጥ ገብቶ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚያስተምረው አርጊሪስ ነው።

በየዓመቱ የምዝገባ ሰሞን ወላጆች ይመጣሉ፤ የሚጠይቁትም አንድ ነው። «መምህር፣ ልጄ ሒሳብ ልማር ይላል። ተምሮ ምን ይሆናል? ከመምህርነት ሌላ ምን አለው?»

አርጊሪስ ይቺን ጥያቄ ይወዳታል። «ስሙኝ» ይላል። «አብሮኝ የተማረው አንዱ አቴንስ ኢንሹራንስ ቤት ውስጥ ሰው ስንት ዓመት እንደሚኖር ያሰላል፤ ራሱ ግን ሲጋራውን አልተወም። አንዷ የመርከቦቹን ጉዞ ታደላድላለች፤ በበጋ ከደሴት ደሴት ስትሄዱ ወደብ ላይ የማታድሩት በሷ ነው። አንዱ ተሰሎንቄ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል፤ ምን እንደሚሠራ እናቱም አታውቅም፣ ደመወዙን ግን ታውቃለች። አንዷ የአየር ጠባይ ትተነብያለች። አንዱ ጀርመን አገር ሆስፒታል ነው፤ አዲስ መድኃኒት በእውነት አድኖ እንደሆነ ወይም በሽተኛው እንዲሁ ድኖ እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው። አንዱ ደግሞ ሁሉንም ትቶ የአባቱን የወይራ መጭመቂያ ተረከበ፤ ከሁላችንም ሀብታም እሱ ሆነ።»

ወላጆቹ ይስቃሉ፣ ልባቸውም ይረጋል። ከመሃላቸው አንዱ ግን አይጠፋም፣ «አንተስ መምህር?» የሚል።

«እኔማ ይኸው ከናንተ ጋር» ይላል፤ ያኔ ፊቱ ፍም ይመስላል። ሰዉ ትሕትና ነው ይላል።

ሚርቶ አድጋ እዚያው ሒሳብ ክፍል ገባች። ማንም አልገፋትም፤ ወዳው ነው። በገባችበት ሳምንት ምሳ ላይ አያቷ ጸጉሯን እየዳበሱ ሲመክሯት «ልጄ፣ በርቺ፣ አጥኚ። ብቻ እንዳባትሽ አንዷን ለመስከረም እንዳትተዪ» አሉ። ያልታሰበ ቃል ከአፍ ካመለጠ ምን ይመልሰዋል? ሚርቶ ቀና ብላ አያቷን አየች፣ አባቷን አየች። አባቷ ወጡን ትኩር ብሎ ያያል።

«አባዬ፣ አንዷ ማለት?»

«ሦስተኛው አናሊስስ» አላት።

«እና መቼ አለፍካት?»

አባቷ ዳቦ ቆርሶ ወጡ ውስጥ ነከረ። ሚርቶ መሳቅ ጀመረች፤ የክፋት አይደለም፣ እንዲሁ ሳቋ መጣ። «ማለት… አሁን እኔና አንተ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ነን?» አለች። ዴስፒናም አልቻለችም፣ ሳቀች። እማማ ስታማታ ግን ማንኪያቸውን አስቀምጠው ወጡ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ መጣ። አንደኛው ሕጉ ነው፤ ከዘመናቸው በላይ የቆዩ ተማሪዎች ከመዝገብ ይሰረዛሉ ተባለ፤ ለአርጊሪስ የቀረችው የዚያ ዓመት መስከረም ብቻ ሆነች። ሁለተኛው ጋሽ ስትራቶስ ናቸው። አንድ ቀን ጋዜጣቸውን አጥፈው ክፍል ውስጥ ገቡና የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ቮሎስ ከተማ ሴቷ ልጄ ጋ ልሄድ ነው። ዓይኔም ጉልበቴም በቃን አሉ። ለገና ፈቃዱን እመልሳለሁ። ዲግሪ ካለህ ባንተ ስም ይዞራል። ከሌለህ…» ብለው በሩን አዩት።

«ከሌለኝ ይዘጋል» አለ አርጊሪስ።

«ይዘጋል። እኔ ደግሞ ስምህን እዚያ በር ላይ ሳላይ መሄድ አልፈልግም። እንግዲህ ሽማግሌ አታስለምን፤ ተፈተን።»

መፈተኑን ይፈተን ነበር፤ ችግሩ ፈታኟ ናት። ትምህርቷን የምትሰጠው አሁን ካሊሮይ ሆናለች። ካሊሮይ ማለት የመጀመሪያ ዓመት ጎኑ ተቀምጣ «አርጊሪስ፣ ቀስ በል፣ አልገባኝም» ትል የነበረች ልጅ ናት። እሷ ቀስ ብላ ገባት፤ ፈረንሳይ ሄዳ ፕሮፌሰር ሆና ተመለሰች። እሱ ፈጥኖ እዚያው ቀረ። ገበያ ሲገናኙ ቲማቲም እየመረጠች «መስከረም ላይ እጠብቅሃለሁ» ትለዋለች፤ እሱ ይስቃል፣ መንገድ ይቀይራል። ለማንም ግን ተንፍሳ አታውቅም። ስሟ በፈታኝነት ከተጻፈ ወዲህ አርጊሪስ ፈተና አዳራሽ ዝር ብሎ አያውቅም።

ሚርቶ ያንን ትምህርት በሰኔ በከፍተኛ ውጤት አልፋው ነበር። ሐምሌ ላይ አባቷን በረንዳ ላይ አስቀመጠችው። ሰዉ ሁሉ ባሕር ሲወርድ፣ አባትና ልጅ ወረቀት ይዘው ቁጭ።

«በል ይህን አረጋግጥ» አለችና ጥያቄ ሰጠችው። አርጊሪስ ቶሎ ቶሎ ሞንጨር ሞንጨር አድርጎ መለሰላት፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝ። ሚርቶ አነበበችና እርሳሷን ጣል አደረገች።

«እዚህ ጋ ‹ግልጽ ነው› ብለሃል።»

«ግልጽ ነዋ።»

«ለማን?»

«እንዴ፣ ለሚያየው።»

«አባዬ፣ ፈተናው የሚለው እኮ ይሄ ለምን ግልጽ እንደሆነ አሳይ ነው። አንተ መልሱ ጋ ደርሰህ ቁጭ ትላለህ፤ መንገዱን ማን ይንገረን?»

አርጊሪስ ተናደደ። ሃያ ምናምን ዓመት ልጆችን ለብሔራዊ ፈተና ሲያዘጋጅ የኖረው በአቋራጭ ነው፤ «ይህን ስታዩ ወዲያው ይህን ጻፉ፣ ጊዜ አትፍጁ።» አቋራጩ ስንቱን ልጅ ዩኒቨርሲቲ አስገብቷል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ሒሳብ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ መልሱን ማንም አይጠይቅህም፣ የሚጠይቁህ ለምን እንደሆነ ነው። ቀድሞም የጣለችው ይቺ «ግልጽ ነው» ነበረች። አሁን ደግሞ በሥራው ብዛት ብሳ አጥንቱ ውስጥ ገብታለች።

በነጋታውም ያው፣ በሳልስቱም ያው። ሚርቶ «እንደገና» ትላለች፤ እሱ ተማሪዎቹን በሚቆጣበት ቃል ሳይቀር ትቆጣዋለች። «ዓይንህ መስኮት ላይ ነው፤ መስኮቱ ይፈትንልሃል?» ስትለው ዴስፒና ከውስጥ ሆና ሳቋን መግታት ያቅታታል። አንድ ቀን ጭራሽ ወረቀቱን ጥሎ ተነሣ።

«ተይኝ ሚርቶ፤ ይሄ ራስ ደርቋል። ትምህርት ቤቱም ይዘጋ፣ እኔም አርፌ ዓሣ ላጥምድ።»

«ማጥመድ አትችልም፤ ባሕር ያዞርሃል» አለችው ልጁ ሳትደነግጥ። «ቁጭ በል እስቲ። ሊያንድሮስን ታስታውሰዋለህ?»

ማን ይረሳዋል? ሊያንድሮስ የአርጊሪስ የቀድሞ ተማሪ፣ የሚርቶም የክፍል ጓደኛ ነው። «ለምን?» የሚል ልጅ ነው። ለምኑን ሲመልሱለት «እሱስ ለምን?» ይላል። በሱ ምክንያት ስንት ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ቀርቷል፤ አርጊሪስም እየተነጫነጨ ሁሉንም መልሶለታል።

«ለፕሮፌሰሯ አትጻፍ» አለች ሚርቶ። «ለሊያንድሮስ ጻፍለት። ከፊትህ ተቀምጦ ለምን፣ ለምን ሲልህ አስበውና አስረዳው።»

አርጊሪስ እያጉረመረመ ተቀመጠ። ጻፈ። ይህን ጊዜ ቡናው ቀዘቀዘ፣ ዝንብም ገባበት፤ እሱ ገና ግማሽ ገጽ ላይ ነው። ሚርቶ አንብባ ስትጨርስ ምንም አላለችም፤ ጎንበስ ብላ ግንባሩን ሳመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በረንዳው ሰላም ሆነ።

መስከረም ደረሰ። አርጊሪስ የክት ሸሚዙን ለብሶ አዳራሹ በር ላይ ቆመ። ገብቶ እስኪቀመጥ ድረስ ያለችው ጊዜ ሕይወቱን በሙሉ የሸሻት ጊዜ ናት። ከተቀመጡት ልጆች ግማሹን አስተምሯቸዋል። ሲያዩት ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ አንዷ ያኝካት የነበረችውን ማስቲካ ዋጠች።

«መምህር፣ እርስዎ ነዎት የሚጠብቁን?» አለ ሊያንድሮስ፤ እሱም ሰኔ ላይ ወድቆ ነው የመጣው።

አርጊሪስ መዋሸት ይችል ነበር፤ «ለፕሮፌሰሯ መልእክት ይዤ ነው» ብሎ መውጣት ይችል ነበር። እግሩም ወደ በሩ አዘንብሎ ነበር።

«አይ፣ ልፈተን ነው» አለ። «ትርፍ እስክሪብቶ ያለው አለ?»

ሊያንድሮስ እስክሪብቶ አቀበለውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመስከረም ምንም አትተዉ ይሉን ነበር እኮ» አለ።

«ከልቤ ነበር የምላችሁ» አለ አርጊሪስ፣ ጎኑ እየተቀመጠ። «ለምን እንደምል አሁን ገባህ?»

ሊያንድሮስ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማሪ ጥያቄ አልጠየቀም። ኋላ ያሉት ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የሚያቆስል አልነበረም። ካሊሮይ ገባች፣ መታወቂያ እያየች በየወንበሩ አለፈች። እሱ ጋ ስትደርስ መታወቂያውን አንሥታ ከሚገባው በላይ ቆየችበት።

«ፕሮፌሰር» አላት።

«ስልክህን አጥፋ» አለችው፤ ካርዱን ቀስ ብላ አስቀምጣ አለፈች።

ወሬው ምሳ ሳይደርስ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደቡን ዞረ። አርጊሪስ ወደ ቤት ሲሄድ ዓሣ ሻጩ «መም…» ብሎ ጀመረና ቆመ። «እስከ ውጤቱ ድረስ ማን ልበልህ?» አለው። «አርጊሪስ በለኝ፤ ክርስትና ስሜ ነው» አለው። እማማ ስታማታ ደጅ ሲደርስ ደግሞ እማማ ፎቲኒ ክንዳቸውን አጣምረው ቆመዋል፤ ይቺን ቀን እግዜር አያሳጣቸው።

«ስታማታ፣ ያን ጊዜ የበላሁትን ጣፋጭ ልመልስ እንዴ?»

«አንቺ ወስደሽ የመለስሽው ነገር አለ?» አሉ እማማ ስታማታ ባቄላቸውን እየፈለፈሉ። «ድስቴም እስካሁን አንቺ ጋ ነው።»

እማማ ፎቲኒ ድስቱን ሊያመጡ ሄዱ። አርጊሪስ እናቱ ይስቃሉ ብሎ ነበር፤ አልሳቁም። «ጻፍክ?» ብቻ አሉት። «ጻፍኩ» አላቸው። ውጤቱ እስኪወጣ በነበሩት ቀናትም ከደጃቸው አልወጡም። ከፍቷቸው ነው፣ አዋረድኳቸው ብሎ አርጊሪስ በየቀኑ ብቅ እያለ ሰርዲን፣ ሐብሐብ፣ ያገኘውን ሁሉ ያመጣላቸዋል። ያስቀምጡታል፣ አይነኩትም። ጾም አይደለም፣ ምን ሆኑ? ዴስፒና ሐኪም ይያቸው አለች፤ እሳቸው «ሐኪም አያውቀውም» ብለው ዘጉ።

ካሊሮይ አንድ ቀን ጠዋት ደውላ ቢሮዋ አስጠራችው። ወረቀቱ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቷል።

«ከአራቱ ጥያቄ ግማሹን ብቻ ነው በደንብ የሠራኸው» አለችው። «ሦስተኛውን ጀምረህ ጊዜ አልቆብሃል። አራተኛውን አልነካኸውም።»

«አውቃለሁ። አስረዳለሁ ብዬ ጊዜው…»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። እዚህ ጋ ‹ልጆች፣ እዚህ ተጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ይወድቃል› ይላል። ልጆች ማን ናቸው?»

አርጊሪስ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለ። «ልማድ ነው» አላት።

«‹እኔም እዚህ ነበር የወደቅኩት› ይላል ከሥሩ» አለችና ሳቋን መያዝ አቃታት፤ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። «አርጊሪስ፣ የሠራኸው እንከን የለውም። ከአሥር አምስት ተኩል ነው፤ ማለፊያው አምስት ነው። አልፈሃል።»

አርጊሪስ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ውጤቱን አየ። ከዚያ የፈራው ነገር ከአፉ ወጣ። «አዝነሽልኝ ነው?»

ካሊሮይ ሳቋን አቆመች። «ለማዘን ቢሆን ሰባት እሰጥህ ነበር» አለች። «ሊያንድሮስን ጥዬዋለሁ፤ ብትፈልግ ጠይቀው። ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱ ጋ ዘለለ።»

አርጊሪስ ከቢሮው ሲወጣ ሚርቶ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትበላለች። ፊቱን አይታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ጋሽ ስትራቶስ በስልክ ሲሰሙ «ጎሽ የኔ ልጅ» ብለው ዘጉ፤ ቆይተው ደግመው ደውለው «የበሩን ጽሑፍ ቀለም ቀቢው ዛሬውኑ ይምጣ፤ ዲግሪው እስኪታተም አንጠብቅም» አሉ። ዓሣ ሻጩም ገና ከሩቅ «መምህር» ብሎ ጮኸ።

እናቱ ቤት ሲደርስ እማማ ስታማታ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል።

«እማዬ፣ አልፌያለሁ።»

እልል ይላሉ ብሎ ጠበቀ። እማማ ስታማታ ግን ቀስ ብለው ተነሡ፣ ሽርጣቸውን ፈቱ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጥቁር ሻሻቸውን አሰሩ።

«ሞተርህን አስነሣ። አባ ኒኪፎሮስ ጋ ውሰደኝ።»

«አሁን? ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«ንስሐ ልገባ ነው። ስጾም የሰነበትኩትም ለዚሁ ነው።»

«ንስሐ? ምን አድርገሽ?»

እማማ ስታማታ ልጃቸውን እንደ ሞኝ አዩት። «ምን አድርጌ ትለኛለህ? መንገዱን በሙሉ ዋሽቻለሁ። በየቤቱ ገብቼ፣ በዚህ አፌ። በዚያ አፍ ታዲያ እንዴት ብዬ እቆርባለሁ?»

አርጊሪስ መጀመሪያ አልገባውም። ሞተሩ ላይ ወጥቶ ቁልፉን ሲያዞር ገባው። ለፋሲካም ለገናም ለቍርባን ሰው ሲሰለፍ እናቱ ከሰልፉ ወጥተው ሻማ ወደሚበራበት ይሄዳሉ። «ጉልበቴ እንቢ አለኝ» ይሉ ነበር፤ «ዞሮብኛል» ይሉ ነበር። እሱም እርጅና ነው ብሎ ወንበር ያቀርብላቸዋል። ጉልበታቸው ገበያ ሲያደርሳቸው፣ ዳገቱን ሲያወጣቸው እያየ፣ ያን ያህል ዘመን አንድም ቀን አልጠረጠረም።

«ለምን አልተናዘዝሽም እማዬ? አባ ይፈቱሽ ነበር።»

«አባማ ‹ሄደሽ እውነቱን ለሰፈሩ ንገሪ› ይሉኝ ነበር። ስናገር አንተ ምን ትሆናለህ? ማን ልጁን አስተምርልኝ ብሎ ይሰጥሃል? ስለዚህ ተውኩት። አንተ እስክትጨርስ ልጠብቅ አልኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ? በነገርሽኝ ኖሮ እኮ…»

«ከባድ ነው ስትል እሰማህ ነበር» አሉት። «በእዳ ላይ እዳ ልጨምርብህ?»

አርጊሪስ ፈተናዋ የሱ ብቻ መስላው ነበር፤ ሲወድቅም እሱ፣ ሲያፍርም እሱ፣ ሲሸሽም እሱ። እያንዳንዷ መስከረም በእናቱ ላይ መቆጠሯን አላወቀም ነበር። ይቅርታ ሊላቸው ፈለገ፤ እሳቸው ግን ከኋላው ሞተሩ ላይ ወጥተው ወገቡን ጨብጠዋል። «ንዳ፤ አባ ምሳ ሳይገቡ» አሉት።

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። እማማ ፎቲኒም አሉ፣ ሊያንድሮስም አለ፣ ዓሣ ሻጩም የሰርዲን ሽታውን በሽቶ ሸፍኖ መጥቷል። ሰልፉ ሲጀመር እማማ ስታማታ ከሰዉ ጋር ቆሙ፤ አርጊሪስ ከኋላቸው ነው። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሻማው ጋ ሲደርሱ አልወጡም። አባ ኒኪፎሮስ ማንኪያውን አንሥተው «የእግዚአብሔር አገልጋይ ስታማታ» ሲሉ፣ አርጊሪስ ያንን ስም በዚያ ቦታ ሲጠራ ከሰማ ስንት ዘመን እንደሆነው ሊያስብ ሞከረ፤ ትዝ አላለውም። ሰው ፊት ማልቀስ የሚጠላ ሰው ነው፤ አለቀሰ።

እማማ ስታማታ ዞር ሲሉ እንባውን አዩት። አፋቸውን በመሐረብ ጠርገው ክንዱን ያዝ አደረጉት።

«ና ዞር በል፤ ሰው አታስቁም» አሉት በሹክሹክታ፤ እሱም ዞር አለላቸው።